እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች

አጥሩ የተተከለው ሰኞ ዕለት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሁለት የጭነት መኪናዎች ከመንገዱ ዳር ቆርቆሮና አጠና ሲያራግፉ አይቼ፣ አንዱ ሀብታም መጋዘን ሊሠራ ነው ብዬ አለፍኩ። አመሻሽ ላይ ከአውቶብስ ስወርድ ግን ሰፈራችን የለም። ከፌርማታው ጀምሮ እስከ ድልድዩ ድረስ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቆርቆሮ ተገትሯል። ነጭ ቀለም ተቀብቶ ገና አልደረቀም። የእናቴ ቤት፣ የጎረቤቶቻችን ቤት፣ ጭቃው፣ ቦዩ፣ ሁሉም ከኋላው ጠፍቷል። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ኮልፌ ማንም የማይኖርበት ንጹሕ ቦታ ይመስላል።

ዘመኑ ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ፎቶ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ሥራዬ ምን እንደነበረ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥባለሁ፤ ከዚያ በቀጭን ብሩሽና በምላጭ ፎቶ አሳምራለሁ። አንድ ባለሥልጣን ትምህርት ቤት ሲመርቁ ከኋላቸው ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ካለ አጠፋዋለሁ። የተቀደደ ኮት ካለ እጠግነዋለሁ። የሚያዛጋ ካለ አፉን እዘጋዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ክራባት አስራለሁ፣ ከቢሮ የሚጣሉ የውጭ መጽሔቶችን እየሰበሰብኩ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ። ፎቶ አጣቢ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሰፈር ውስጥ "ጋዜጠኛው" እባላለሁ። እኔም አላርምም።

ከቤታችን ቀጥሎ የእትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠቡ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ። ልጅ ሆኜ እናቴ ገበያ ስትሄድ የምውለው እሳቸው ጋ ነበር። ቁጡ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሦስት ቤት ወዲያ ይሰማል። ግን ለማንም ክፉ ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ ማታ የአጥቢያው ዳኛ ሰውን ሰበሰቡ።

"ሐሙስ ዕለት ከውጭ አገር ትልልቅ እንግዶች በዚህ መንገድ ያልፋሉ" አሉ። "ለአገር ገንዘብ የሚያበድሩ ናቸው። እስኪያልፉ ድረስ በዚህ በኩል ማንም አይወጣም። መውጫው በድልድዩ በኩል ብቻ ነው። ዘበኛ ቆሞበታል፤ የሥራ መታወቂያ የያዘ ይወጣል።"

"ቦኖውስ?" አሉ እትዬ ብርቄ።

ውሃ የምንቀዳበት ቦኖ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው። ያለው ደግሞ ከመንገዱ ዳር ነው። አጥሩ በዚህ በኩል ሲታጠር ውሃው በዚያ በኩል ቀርቷል።

"ቦኖው ይዘጋል። እስከ ሐሙስ ነው፤ ታገሡ።"

"እስከ ሐሙስ ሽንቴን ልጠጣ?"

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።

ማክሰኞ ሴቶቹ ባልዲና እንስራ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዝ ይባል እንጂ የከተማው እጣቢ የሚወርድበት ነው። አፍልተው፣ በነጠላ አጣርተው ጠጡት። ረቡዕ ጠዋት የእትዬ ብርቄ ትንሿ ልጅ፣ አልማዝ፣ ተቅማጥ ያዛት። አምስት ዓመቷ ነበር። እናቴ ልታያት ገብታ ስትወጣ፣ "ዓይኗ ገብቷል፤ ይህቺ ልጅ ንጹሕ ውሃ ካላገኘች ምን ይውጣታል?" አለችኝ። እኔ ክራባቴን አስተካክዬ፣ መታወቂያዬን ለዘበኛው አሳይቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ቢሮ እንደገባሁ አለቃዬ አቶ ፈቃደ ጠሩኝ። ዋናው ፎቶ አንሺ ታሟል።

"ነገ እንግዶቹን አንተ ታነሳለህ" አሉኝ። "ሰፈርህም በዚያው አይደል? ዕድልህ ነው።"

ስለ እንግዶቹ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጡኝ። ቆሜ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ሰዎቹ የመጡት ለከተማዋ የውሃ ቧንቧ ማስፋፊያ ብድር ለመስጠት ወይም ላለመስጠት ለመወሰን ነው። የሚያልፉትም ውሃ ያልደረሰባቸውን ሰፈሮች ለማየት ነው።

"አቶ ፈቃደ" አልኩ፣ "ሰዎቹ የመጡት ውሃ የሌለውን ሰው ሊያዩ ከሆነ፣ ውሃ የሌለውን ሰው ለምን በቆርቆሮ ይጋርዱታል?"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"አበዳሪ ደሃ መሆንህን አጥቶት ነው እንዴ? ያውቃል" አሉኝ። "ግን ጨዋ ደሃ ነው የሚፈልገው። ወረቀት ላይ ደሃ፣ መንገድ ላይ ንጹሕ። በል ፊልም ቆጥረህ ውሰድ።"

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክንዴ ላይ የጋዜጠኛ ጨርቅ አስሬ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። በተወለድኩበት ሰፈር ፊት ለፊት እንደ እንግዳ መቆም እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። ቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው ዓይን አለ። ከአንዱ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ።

"ታደሰ፣ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማዬ፤ ዝም በይ።"

"አልማዝ ጉልበቷ አልቋል። ብርቄ ልትሸከማትና ልትወጣ ብትል ዘበኛው ከለከላት። ለሰዎቹ ንገርልን እባክህ፤ አንተ ቋንቋቸውን ትችላለህ።"

አጠገቤ የቆመው ፖሊስ ዞር ብሎ አየኝ። ሁለት እርምጃ ከአጥሩ ራቅኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አምስት ጥቁር መኪናዎች መጡ። ማለፍ ነበረባቸው። ሁለተኛው መኪና ግን ቦኖው ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድ ሸበቶ፣ ረጅም ፈረንጅ ወረደ። ከኋላው ግራጫ ሱፍ የለበሰ የእኛ ሰው እየተጣደፈ ተከተለው። አስጎብኚውም አስተርጓሚውም እሱ ነበር፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። ፈረንጁ የቦኖውን ቧንቧ ነካ፤ መሬቱን በጫማው ጫፍ ፈተሸ። ደርቋል።

"ማንም አይጠቀምበትም?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

"በአካባቢው ያለው ሰው ብዙ አይደለም" አለ ባለ ግራጫ ሱፉ። "ያሉትም በሌላ በኩል ያገኛሉ።"

ይህን እያለ ነው ቆርቆሮው የተመታው። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ብዙ እጅ ሆነ፤ ሰፈሩ በሙሉ በመዳፉ የሚደልቅ መሰለ። ፖሊሶቹ ወዲያና ወዲህ ሮጡ፤ ግን በየት በኩል እንደሚመታ እንኳ ማወቅ አልቻሉም። አንድ አጠና ተሰበረ። የነጩ አጥር አንድ ወገን ወደ እኛ ዘመመና ወደቀ። አቧራው ሲበርድ በወደቀው ቆርቆሮ ላይ እትዬ ብርቄ ቆመዋል። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገዋል። በእጃቸው ባዶ ባልዲ ይዘዋል።

ፖሊስ ሊይዛቸው ሲል ፈረንጁ እጁን አንስቶ አስቆመው። እትዬ ብርቄ ይህን ሲያዩ ደፈሩ። ድምፃቸውን አላነሱም። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ዝግ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ጌታዬ፣ ውሃ የለንም" አሉ። "ቦኖውን ዘግተው አጥር አጠሩብን፤ ይኸው አራተኛ ቀናችን። የወንዝ ውሃ ጠጥታ ልጄ ታማብኛለች፤ ልትሞትብኝ ነው። ገንዘብ አልለምንዎትም። ውሃውን ብቻ ያስከፍቱልን።"

ፈረንጁ ወደ ባለ ግራጫ ሱፉ ዞረ። "ምን ትላለች?"

ሰውዬው አልደነገጠም። ፈገግ አለ። "እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች" አለ በጠራ እንግሊዝኛ። "የሰፈሩ ሰው በመምጣታችሁ ደስ ብሎታል ትላለች።"

"ባልዲውስ?"

"የአገራችን ልማድ ነው። እንግዳ የምንቀበለው በውሃ ነው።"

እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ከእነሱ እስከ እኔ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። እትዬ ብርቄ አንዴ እኔን፣ አንዴ ፈረንጁን ያያሉ። አፌ ተከፈተ። ባለ ግራጫ ሱፉ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። ያቺን እይታ ሥራዬ፣ ደመወዜ፣ ክራባቴ፣ የእናቴ ኩራት ሁሉ ተከትለዋት መጡ። ካሜራዬን አነሳሁና ዓይኔ ላይ ደቀንኩት። ይህን ያወራሁላቸው አንዳንድ ሰዎች እንደ ጀግንነት ይቆጥሩልኛል። ጀግንነት አልነበረም። ፊቴን የምደብቅበት ነገር ፈልጌ ነው።

ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ የእትዬ ብርቄን እጅ ጨበጠ። ራሱን ነቀነቀላቸው። እሳቸውም እሺ ያላቸው መሰላቸው። እንባቸው እየወረደ ፈገግ አሉ። እኔ ያንን አነሳሁ።

መኪናዎቹ እንደሄዱ ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘው ወሰዷቸው። ባልዲው ቆርቆሮው ላይ ቀረ። በግርግሩ መሃል እናቴ አልማዝን አዝላ በወደቀው አጥር በኩል ወጣች፤ እስከ ሐኪም ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች። ልጅቷን ያዳናት ያ የወደቀ አጥር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጠብኩ። የእትዬ ብርቄ ፊት መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ግሩም ፎቶ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ አላነሳሁም። ምንም የማያውቅ ሰው ቢያየው አንዲት እናት እንግዳ ስትቀበል ነው የሚታየው።

አቶ ፈቃደ ገና ሲያዩት ጠረጴዛውን መቱት። "የመጀመሪያ ገጽ!" አሉ። "የወደቀውን ቆርቆሮ አጥፋው። ባልዲውንም አጥፋው፤ አያምርም። ከሥሩ 'የኮልፌ ነዋሪዎች እንግዶቹን በደስታ ሲቀበሉ' እንላለን።"

"አቶ ፈቃደ፣ ሴትየዋ ጎረቤታችን ናቸው። የተናገሩት ሌላ ነው። አሁን ታስረዋል።"

ፎቶውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

"እዚህ ላይ አልታሰረችም" አሉኝ።

መትቻቸው ወይም ወረቀቱን ቀድጄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስጽፍ ይቀለኝ ነበር። ምላጬንና ብሩሼን አንስቼ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮውን ሣር አደረግኩት። ባልዲውን ከእጃቸው ላይ አጠፋሁት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ ሥራዬን የምችል ሰው ነበርኩ።

አርብ ጠዋት ጋዜጣው ወጣ። በአውቶብሱ ውስጥ ሰው ሲያነበው አየሁ። ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩና ትናንት ሁለተኛ አትሜ ያስቀረሁትን ያልተነካ ፎቶ በፖስታ ይዤ እንግዶቹ ወዳረፉበት ሆቴል ሄድኩ። የጋዜጠኛው ጨርቅ አስገባኝ። ሸበቶው ፈረንጅ ቁርሱን ጨርሶ ወረቀት ያገላብጣል። ፎቶውን ፊቱ አስቀመጥኩ።

"ትናንት ሴትየዋ እንኳን ደህና መጣችሁ አላሉም" አልኩት። ከዚያ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ታስረዋልም አልኩት።

ፎቶውን ትኩር ብሎ አየው። ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ ስልክ ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ እምነት ነበረኝ፦ እውነቱ ለትልቅ ሰው ጆሮ ከደረሰ ነገር ይስተካከላል።

"ባልዲው ባዶ ነበር" አለኝ። "በባዶ ባልዲ እንግዳ የሚቀበል አገር አላውቅም። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የምነጋገረው ከመንግሥታችሁ ጋር ነው። ያንን ሰው እዚያ ባዋርደው ንግግሩ ይበላሻል። ንግግሩ ከተበላሸ ብድሩ ይዘገያል፤ ውሃውም ይዘገያል። የሴትየዋ መታሰር ያሳዝነኛል፤ ግን የውስጥ ጉዳያችሁ ነው።" ፎቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "አንተስ? እዚያው ቆመህ ነበር። ቋንቋውን ትችላለህ። ለምን ዝም አልክ?"

ፎቶውን ወደ ፖስታው መለስኩ። ደሜ ፈላ፤ በእሱም፣ በራሴም። ቁርሱን በልቶ የጠገበ ሰው፣ ማታ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው፣ እኔን እንዲህ ብሎ ይጠይቀኝ? ግን ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ከሆቴሉ በቀጥታ፣ እናቴ ጠዋት ለእትዬ ብርቄ ያስያዘችኝን ምሳ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። እትዬ ብርቄን ከግቢው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"አልማዝ ደህና ናት" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ግሉኮስ ሰጥተዋታል፤ ዛሬ ተነስታ ተቀምጣለች።"

"ተመስገን!" መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያ ፈረንጅ ደግሞ መልካም ሰው ነው። አየኸው? እጄን ጨበጠኝ እኮ። እነዚህ አሁን ይጮኹብኛል፤ እሱ ግን እሺ ብሎኛል። ቦኖውን ከፈቱት?"

ቦኖው አልተከፈተም ነበር። ቅዳሜ ሌላ የእንግዶች መኪና ያልፋል ተብሎ የወደቀው አጥር ተመልሶ ቆሟል።

እውነቱን ልንገራቸው ወይስ ልተዋቸው ብዬ አመነታሁ። ከዚያ ሌላ ባለ ግራጫ ሱፍ ልሆን መሆኔ ታየኝ።

"እትዬ ብርቄ፣ አስተርጓሚው እርስዎ ያሉትን አልነገረውም። እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች ብሎ ነው የተረጎመው።"

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሄደ።

"አንተ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እዚያው ቆመህ?"

"አዎ።"

"እና ምን አልክ?"

አንገቴን ደፋሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያንን ድምፃቸውን ተመኘሁት። ሳህኑን ከእጄ ተቀበሉኝ።

"ሂድ" አሉኝ። "ከሥራህ አትቅር።"

ሰኞ ዕለት ሥራ አልነበረኝም። ሆቴል መሄዴን የነገረ ሰው ነገረ። አቶ ፈቃደ የስንብት ደብዳቤዬን ራሳቸው ሰጡኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ። እትዬ ብርቄ ሁለት ሳምንት ታስረው ወጡ። ቦኖው ተከፈተ፤ ከፊቱ ያለው ቆርቆሮም ተነሳ። የቀረውን አጥር አፍርሶ የሚወስድ ስላልመጣ፣ ክረምት ሲገባ ሰዉ ቆርቆሮውን እየነቀለ ጣሪያውን ደፈነበት።

ብድሩ ተፈረመ፤ በሬዲዮ ሰማን። ቧንቧው ግን እኛ ሰፈር ሲደርስ ንጉሡም፣ የፈረሙት ባለሥልጣናትም አልነበሩም። የመጡትም ሲሄዱ፣ ከእነሱም በኋላ የመጡት ሲሄዱ አይቻለሁ። ሁሉም አጥር ነበራቸው፤ ሁሉም ባለ ግራጫ ሱፍ ነበራቸው። ከውጭ የሚመጡትም እንደዚያው እጅ ጨብጠው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ አገራችሁ በሌላ ቋንቋ የሚነገረውን የምትሰሙ፣ በዚያ መሃል የቆማችሁ ካላችሁ፣ ጊዜያችሁ ፈረንጁ "ምን ትላለች?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ ያለችው አንዲት ትንፋሽ ናት። በማግስቱ ሆቴል መሄድ አይቆጠርም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የኮልፌ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ኖርኩ። እትዬ ብርቄ ለሦስት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጡኝም። ሰላምታቸውም የጎረቤት ግዴታ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የአልማዝን እጅ ይዘዋል። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደብተሯን አቅፋለች።

"እንግሊዝኛ አስተምርልኝ" አሉኝ።

"እሺ እትዬ ብርቄ፣ ከነገ ጀምሮ ትምጣ።"

ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አደረጓትና ለመሄድ ዞሩ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆም አሉ።

"ቋንቋውን ነው ያልኩህ" አሉኝ ሳይዞሩ። "ዝም ማለቱን አታስተምርብኝ።"